ሰዓትና ግምት፦ የምርጫ ፈተና የኋላ ታሪክ

ባለ ምርጫ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪን ውጤት የሚወስነው እውቀቱ ብቻ አይደለም። ሰዓቱን እንዴት እንዳብቃቃውና የማያውቀው ጥያቄ ሲገጥመው ምን እንዳደረገም ውጤቱ ውስጥ ይገባል። ለአንድ ጥያቄ ስንት ሰከንድ እንደሚደርሰው፣ የተሳሳተ መልስ ነጥብ ያስቀንስ አያስቀንስ እንደሆነ የሚደነግገው ግን ፈተናውን ያዘጋጀው ክፍል ነው። የተማሪው ብልሃት ለዚያ ደንብ የሚሰጥ ምላሽ በመሆኑ ደንቡ በተለወጠ ቁጥር አብሮ ሲለወጥ ኖሯል። በአንድ ዘመን አስተዋይነት የነበረው ነገር በሌላው ዘመን ነጥብ ያስጥላል። የዚህ ታሪክ ትልቁ ክፍል የተሠራው አሜሪካ ውስጥ ሲሆን ዕድሜው ከመቶ ዓመት ብዙም አይዘልም። ኢትዮጵያን ከሚመለከተው የመጨረሻው ክፍል በስተቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሰዓትና ከግምት ቀድሞ ወደ ፈተና ክፍል የገባው ሰዓት ነው። በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ «ትራይፖስ» የሚባለው የሒሳብ ፈተና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተከታታይ ቀናት በጽሑፍ የሚሰጥ የፍጥነት ግጥሚያ ሆኖ ነበር። ተፈታኞች በውጤታቸው ይደረደራሉ፤ አንደኛ የወጣው «ሲኒየር ራንግለር» ይባላል፣ ስሙም በጋዜጣ ይወጣል። በ1845 አንደኛ የወጣው ስቲቨን ፓርኪንሰን ነበር። ኋላ ሎርድ ኬልቪን ተብሎ በፊዚክስ የገነነው ዊሊያም ቶምሰን ሁለተኛ ሆነ። ፓርኪንሰን በፍጥነት መጻፍን አስቀድሞ ሲለማመድ እንደከረመ ይነገራል። በ1854 ደግሞ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በኤድዋርድ ራውዝ ተቀደመ። የማክስዌልን ቀመሮች የዓለም ተማሪ ሁሉ ይማራቸዋል፤ ራውዝ ግን ዕድሜውን የሰጠው ለዚያው ፈተና ተማሪ ለማዘጋጀት ነበር፣ ከሃያ በላይ አንደኞችንም አወጣ። ሁለቱንም ያስጠናቸው ዊሊያም ሆፕኪንስ ራሱ ከራውዝ በፊት የታወቀ አስጠኚ ነበር። ስለዚህ በክፍያ የፈተና ብልሃት የሚያስተምር ሰው የዛሬ ዘመን ፍጥረት አይደለም። ካምብሪጅ ተማሪዎቹን በተራ መደርደሩን የተወው በ1909 ነው።

በዚያው በ1845 ቦስተን ከተማ ውስጥ ሌላ ነገር ተጀመረ። እስከዚያ ድረስ የከተማዋ የትምህርት ኮሚቴ አባላት በዓመት አንድ ጊዜ ትምህርት ቤቶቹን እየዞሩ ጥቂት ልጆችን በቃል ይጠይቁ ነበር። አንዱ ልጅ ቀላሉ፣ ሌላው ከባዱ ይደርሰዋል፤ መምህሩም ጎበዞቹን ፊት ለፊት ያሰልፋል። የማሳቹሴትስ የትምህርት ቦርድ ጸሐፊ የነበረው ሆረስ ማንና ወዳጁ ሳሙኤል ግሪድሊ ሃው ይህን አሠራር አልወደዱትም። ሃው የነበረበት ኮሚቴ ጥያቄዎቹን አሳትሞ ለሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ወረቀት አደለ፤ ልጆቹም በተወሰነ ሰዓት በጽሑፍ እንዲመልሱ አደረገ። ጥያቄው ወሬ ሆኖ እንዳይቀድማቸው ኮሚቴዎቹ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ይሯሯጡ ነበር። ውጤቱ ደካማ ሆነ፣ መምህራኑም ተቆጡ። ሆረስ ማን ግን ለሁሉም አንድ ጥያቄ፣ ለሁሉም አንድ ሰዓት መሰጠቱን ፍትሕ አለው።

በዚህ ጊዜ ገና የግምት ጉዳይ አልተነሳም። በቃል በሚጠየቅ ልጅ ላይ ግምት ብዙ አይሠራም፤ «ለምን?» የሚል አንድ ተከታይ ጥያቄ ያጋልጠዋል። በጽሑፍ ለሚመልስም ባዶ ወረቀት ባዶ ነው። ዕድል ወደ ፈተናው የገባው መልሱ ከጥያቄው ጋር አብሮ መታተም ሲጀምር ነው።

ይህን ያመጣው ሰው ፍሬድሪክ ኬሊ የሚባል የካንሳስ የትምህርት ባለሙያ ነው። ኬሊ በ1914 ባቀረበው ጥናት መምህራን ማርክ ሲሰጡ ምን ያህል እንደሚለያዩ አሳየ። ከአንዱ አራሚ ጥሩ ነጥብ የሚያገኝ ጽሑፍ ሌላው ዘንድ ሊወድቅ ይችላል። ያገኘው መፍትሔ የአራሚውን ፍርድ ጨርሶ ማስወገድ ነበር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ብቻ ትክክለኛ መልስ ይኑር፣ ተማሪውም ይክበበው፣ ማንም ያርመው ማን ነጥቡ አንድ ይሁን አለ። በኤምፖሪያ ከተማ በነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ያዘጋጀው የካንሳስ የንባብ ፈተና በዚህ መንገድ የተሠራ ሲሆን የተሰጠው ጊዜ 5 ደቂቃ ብቻ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ ላም፣ ነብር፣ አይጥና ተኩላ ብሎ አራት እንስሳትን ይዘረዝርና ለእርሻ ቤት የሚጠቅመው እንዲከበብ ያዝዛል። ማንበብ የማይችል ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ቢከብ ከአራት አንድ ጊዜ ላሟን ያገኛታል። የምርጫ ፈተና ከመጀመሪያ ቀኑ ጀምሮ ይህን ጣጣ ይዞ ተወለደ።

አሜሪካ በሚያዝያ 1917 አንደኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል ነገሩ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ጦር ሰፈር ገባ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ሮበርት የርክስ ባልደረቦቹን ኒው ጀርሲ ውስጥ ቫይንላንድ በሚባል ቦታ ሰበሰበና ምልምሎችን በጅምላ የሚለይ ፈተና አዘጋጀ። ብዙው ሐሳብ የተቀዳው በስታንፎርድ የሉዊስ ተርማን ተማሪ ከነበረው ከአርተር ኦቲስ ነው። ማንበብ ለሚችሉት «አልፋ»፣ ለማይችሉት «ቤታ» ተባለ። ጦርነቱ አልቆ ሥራው እስኪቆም ድረስ 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ተፈተኑ።

የአልፋን ሰዓት ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ፈተናው ስምንት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ሲያልቅ አዛዡ ያስቆማል፣ ሲያዝዝ ደግሞ ሁሉም እኩል ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሃያ የሒሳብ ጥያቄዎች 5 ደቂቃ ተሰጥቷቸዋል። አራተኛው ክፍል አርባ ጥንድ ቃላትን ደርድሮ እያንዳንዱ ጥንድ ተመሳሳይ ይሁን ተቃራኒ እንዲለይ ይጠይቃል፤ ጊዜው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ለአንዱ ጥንድ ሁለት ሰከንድ ከሩብ መሆኑ ነው። ከስንዴ ማሳ ተጠርቶ የመጣ ወጣት በማያውቀው አዳራሽ፣ በማያውቀው ሕግ፣ በሁለት ሰከንድ ይወስናል። ብዙዎቹ ምልምሎች ክፍሎቹን ሳይጨርሱ እንዲቆሙ የተደረገው በስህተት አልነበረም፤ ፈጣኑን ከዘገምተኛው ለመለየት ሲባል ሆን ተብሎ ነው። ሁለት አማራጭ ብቻ ባለበት ክፍል በጭፍን የመለሰ ሰው ግማሹን እንደሚያገኝ አዘጋጆቹ ያውቁ ነበር። በመሆኑም በእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ነጥቡ የሚሰላው ከትክክለኛው መልስ ብዛት የተሳሳተው ብዛት ተቀንሶ ነበር። የግምት ቅጣት በሰፊው ሥራ ላይ ከዋለባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ይህ የወታደር ፈተና ነው።

ከየርክስ ጋር የሠራው ካርል ብሪገም ከጦርነቱ በኋላ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። የአሜሪካ ኮሌጆች የጋራ መግቢያ ፈተና የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ የመጀመሪያውን ፈተና በ1901 ሲሰጥ ተፈታኞቹ አንድ ሺህ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ የሚመልሱትም በረጅም ጽሑፍ ነበር። ብሪገም ለዚህ ቦርድ የወታደሩን ፈተና መልክ የያዘ አዲስ ፈተና አዘጋጀ፤ እሱም ዛሬ ሳት የሚባለው ነው። ሰኔ 23 ቀን 1926 ለመጀመሪያ ጊዜ 8,040 ተማሪዎች ተቀመጡለት። 315 ጥያቄዎች በ97 ደቂቃ መመለስ ነበረባቸው፤ ለአንዱ 18 ሰከንድ ተኩል ይደርሳል። ጥያቄውን ሁሉ የሚጨርስ ተማሪ እምብዛም እንደማይኖር አዘጋጆቹ ያውቁ ነበር። ብሪገም በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ የወታደሮቹን ውጤት ይዞ አንዱን የአውሮፓ ሕዝብ ከሌላው በአእምሮ ሊያበላልጥ ሞክሮ ነበር፤ በ1930 ግን መሠረተ ቢስ መሆኑን በጽሑፍ አምኖ ከሐሳቡ ተመለሰ። የሠራው ፈተና ግን አብሮት አልተመለሰም። ሰዓቱን ለማላላት እንኳ ዓመታት ወስዷል።

በዚህ ወቅት ስለ ግምት የነበረው ክርክር ወደ አንድ ቀመር ደረሰ። አንድ ጥያቄ አምስት አማራጭ ካለው ለእያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ሩብ ነጥብ ይቀነስ፤ አራት ከሆነ ሲሶ፣ ሁለት ከሆነ ሙሉ ነጥብ ይቀነስ የሚል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ስለ አምስት ጥያቄ ምንም የማያውቅ ተማሪ አምስቱንም በጭፍን ቢመልስ በአማካይ አንዱን ያገኛል፣ አራቱን ይስታል። አንድ ነጥብ ያገኛል፣ አራት ጊዜ ሩብ ደግሞ ይቀነስበታል፤ ዜሮ ላይ ይቀራል። ቀመሩ ቅጣት ተብሎ ቢጠራም ለጭፍን ግምት ከዚህ የበለጠ አያደርግም። የወሰደውን ይመልሳል እንጂ ተጨማሪ አይወስድም።

ተማሪዎች ግን የሰሙት ሌላ ነበር። በፈተናው ሽፋን ላይ መገመት ነጥብ እንደሚያስቀንስ ሲነገራቸው ብዙዎቹ እርግጠኛ ያልሆኑበትን ሁሉ ባዶ መተው ያዙ። ይህ ከባድ ኪሳራ ነው። ከአምስቱ አማራጮች አንዱ እንደማይሆን የሚያውቅ ልጅ ከቀሩት አራቱ ቢገምት በጥያቄ በአማካይ የአንድ ነጥብ 1/16 ያተርፋል። ሁለቱን ካስወገደ ትርፉ 1/6 ይሆናል። ሦስቱን አስወግዶ ሁለት ላይ ከተወዛገበ ደግሞ 3/8 ነው፣ ይህም ከሲሶ ይበልጣል። የጎደለ እውቀትም እውቀት ስለሆነ ዋጋ ያገኛል ማለት ነው። ቀመሩ የጎዳው የማያውቀውን ሳይሆን ጨዋና ፈሪ ሆኖ መመሪያውን ቃል በቃል የታዘዘውን ልጅ ነበር። ደፋሩ ግን በደንቡ ክፍተት አተረፈ።

ቀመሩን በጅምላ ማስላት የተቻለው በማሽን ነው። ሚሺጋን ውስጥ የሳይንስ መምህር የነበረው ሬኖልድ ጆንሰን ልጅ ሳለ እህቶቹን ሊጠይቁ የሚመጡትን ጎረምሶች መኪና በእርሳስ ያስቆም ነበር። ካንዴላው ላይ እርሳስ ይጭርበታል፤ የእርሳሱ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ብልጭታው ይከሽፋል፣ መኪናውም አይነሳም። ካደገ በኋላ ይህንኑ ባሕርይ ለፈተና እርማት አዋለው፤ ተማሪው በእርሳስ ያጠቆረው ቦታ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ባዶው አያሳልፍም። አይቢኤም ኩባንያ በ1934 ቀጠረው። ከ1938 ጀምሮ የተሸጠው አይቢኤም 805 የተባለው ማሽን በሰዓት 800 ያህል ወረቀት ያርም ነበር። ሠራተኛው ወረቀቱን ያስገባና መርፌው የቆመበትን ቁጥር ያነባል፤ ማሽኑ የቅጣቱንም ቀመር ራሱ ይቀንሳል። ጆንሰን ኋላ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የሠራውን ቡድን መርቷል። ከእርማት ማሽኑ ጋርም አዲስ ዓይነት አደጋ መጣ። አንድ ጥያቄ ዘሎ መልስ መስጫው ላይ ያንን መስመር መዝለል የረሳ ተማሪ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በስህተት ቦታ ያጠቁራል። ስህተቱን የሚያውቀው ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጥያቄ አልቆ አንድ ባዶ መስመር ሲተርፈው ነው።

በ1947 ፈተናዎቹን በአንድነት የሚያዘጋጅ ኢቲኤስ የተባለ ድርጅት ፕሪንስተን ላይ ተቋቋመ። ብሪገም በሕይወት ሳለ እንዲህ ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት እንዳይፈጠር ሲከራከር ነበር፤ የሞተው በ1943 ነው። በአዮዋ ደግሞ ወረቀቱን በብርሃን የሚያነብ ማሽን የሠራው ኤቨረት ሊንድክዊስት በ1959 ተፎካካሪ ፈተና ጀመረ፤ ስሙ ኤሲቲ ነው። ኤሲቲ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም። በዚህ የተነሳ ለብዙ ዓመታት አንድ አሜሪካዊ ተማሪ በአንድ ቅዳሜ ባዶ መተው ሊያዋጣው በሚችል ፈተና፣ በሌላ ቅዳሜ ደግሞ ባዶ መተው ሞኝነት በሆነበት ፈተና ይቀመጥ ነበር። ኤሲቲ በግምት ያላላውን በሰዓት አጠበቀው፤ ለረጅም ዘመን 215 ጥያቄ በ175 ደቂቃ ይጠይቅ ነበር፣ ለአንዱ 49 ሰከንድ ያህል።

ሳትን የሚያዘጋጁት ሰዎች ጥናት ውጤት አይለውጥም ሲሉ ሰብከዋል። ፈተናው የሚለካው የተፈጥሮ ዝንባሌን ስለሆነ ማስጠናት ገንዘብ ማባከን ነው የሚል ነበር አቋማቸው። ስታንሊ ካፕላን ይህን አላመነም። የብሩክሊን የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ የሆነው ካፕላን በ1938 በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ማስጠናት ጀመረ፤ ከ1946 ጀምሮ ሳትን ያዘ። ተማሪዎቹ ከፈተና ሲወጡ ሆት ዶግ ይጋብዛቸዋል፣ እነሱም ያስታወሱትን ጥያቄ ይነግሩታል። የሚማሩት በአብዛኛው የስደተኛ ልጆች ነበሩ። የአሜሪካ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በ1979 ባወጣው ሪፖርት ማስጠናት በተወሰነ መጠን ውጤት ከፍ እንደሚያደርግ ገለጸ። የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በዚያው ዓመት ጥያቄዎቹና መልሶቻቸው ከፈተና በኋላ ለተማሪው እንዲገለጡ የሚያዝ ሕግ አወጣ።

መገለጡ ወዲያው ፍሬ አፈራ። በ1980 በተሰጠ የሳት መለማመጃ ፈተና ላይ ሁለት ፒራሚዶች የያዘ ጥያቄ ነበር። አንዱ መሠረቱ አራት ማዕዘን ሆኖ አምስት ገጽ አለው፤ ሌላው አራት ሦስት ማዕዘናዊ ገጽ አለው። ሦስት ማዕዘኖቹ ሁሉ እኩል ናቸው። ሁለቱ በአንድ ገጻቸው ቢጣበቁ ስንት ገጽ ይታያል ይላል ጥያቄው። አዘጋጆቹ አምስትና አራት ዘጠኝ፣ የተጣበቁት ሁለቱ ሲቀነሱ ሰባት አሉ። አንድ የፍሎሪዳ ተማሪ ግን የመለሰው አምስት ብሎ ነበር፤ ሲጣበቁ ከሁለቱም የሆኑ ጎረቤት ገጾች ሁለት ቦታ ላይ ተስተካክለው አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ይሆናሉ። ልጁ ትክክል ነበር። ኢቲኤስ በ1981 ስህተቱን አምኖ ውጤቶችን አስተካከለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለተፈታኝ ብቻ ሳይሆን ለፈታኙም እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ለዚህ ጥያቄ ብዙ ሰከንድ የሰጠ ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ ከቸኮለው ያነሰ ነጥብ ይዞ ነበር።

በ1981 ጆን ካትዝማን የመሠረተው ፕሪንስተን ሪቪው (ከዩኒቨርሲቲው ጋር ዝምድና የለውም) የማስጠናት ሥራውን ከእውቀት ወደ ደንብ አዞረው። የሥራ ባልደረባው አዳም ሮቢንሰን «ጆ ብሎግስ» የሚባል ምናባዊ መካከለኛ ተማሪ ፈጠረ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። የሳት ጥያቄዎች ከቀላል ወደ ከባድ ይደረደራሉ። በቀላሉ ጥያቄ ላይ ለጆ ትክክል የሚመስለው ትክክል ነው፤ በከባዱ ላይ ግን ለጆ ወዲያው የሚታየው መልስ ወጥመድ ነው፣ አለዚያ ጥያቄው ከባድ ባልሆነ ነበር። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ያለውን ጥያቄ የማያውቅ ተማሪ ቶሎ ዓይን ውስጥ የሚገባውን መልስ ይሰርዝና ከቀረው ይገምት። ይህ ብልሃት ይሠራ የነበረው ፈተናው በዚያ ቅደም ተከተል በመሠራቱ ነው፤ ጥያቄዎቹ ባልተደረደሩበት ፈተና ላይ ምንም አይጠቅምም። ብዙ አገር የደረሱ የፈተና ምክሮች ከተወለዱበት ደንብ ተነጥለው የተወሰዱ ስለሆኑ ባዶ ወሬ ሆነዋል። «ካላወቅህ ሲን ምረጥ» የሚለው ከነዚህ አንዱ ነው። አዘጋጆች ትክክለኛ መልሶችን በፊደላቱ ላይ አመጣጥነው ስለሚያከፋፍሉ ሲ ከሌሎቹ አይበልጥም። ጥቅሙ አንድ ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሰዓት ያጠረው ሰው ሳያስብ ቶሎ ያጠቁርበታል።

ከምክሮቹ ሁሉ ዕድሜ የጠገበውና በጥናት ደጋግሞ የወደቀው የመጀመሪያውን መልስህን አትለውጥ የሚለው ነው። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩ ጥናቶች ተቃራኒውን አሳይተዋል። በ2005 የታተመ የጀስቲን ክሩገርና የባልደረቦቹ ጥናት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ 1,561 የፈተና ወረቀቶች ላይ የላጲስ ምልክቶችን ቆጠረ። ከተለወጡት መልሶች 51 በመቶው ከስህተት ወደ ትክክል፣ 25 በመቶው ከትክክል ወደ ስህተት የሄዱ ሲሆኑ የቀሩት ከስህተት ወደ ሌላ ስህተት ነበሩ። እምነቱ ያልሞተው ቁጭት ስለሚያቆየው ነው፤ ለውጦ የሳተውን ጥያቄ ሰው አይረሳውም፣ ለውጦ ያገኘውን ግን ልብ አይለውም።

የሰዓቱ ጥብቀት ቀስ በቀስ ላላ። በ1950ዎቹ ኢቲኤስ አንድ ፈተና ሰዓት አጥሮታል የሚባለው መቼ እንደሆነ የሚለይበት መለኪያ ያዘ። ከተፈታኞቹ 80 በመቶው መጨረሻው ጥያቄ ከደረሱና ሁሉም ቢያንስ ሦስት አራተኛውን ከሄዱበት ፈተናው የፍጥነት ፈተና አይደለም ይባላል። በዚህ መለኪያ ከአምስት ተማሪ አንዱ መጨረሻው ላይ ባይደርስም ፈተናው ጤነኛ ነው። በአካል ጉዳት ምክንያት ተጨማሪ ሰዓት ለተሰጣቸው ተማሪዎች ደግሞ ውጤታቸው ላይ ምልክት ይደረግ ነበር፤ ኮሌጅ ቦርድ ይህን ያስቀረው በ2003፣ ኢቲኤስ ፍርድ ቤት ከተከሰሰ በኋላ ነው።

የግምት ቅጣት ዕድሜም እያጠረ መጣ። ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚሰጠው ጂአርኢ በ1981 ቅጣቱን ተወ፤ ኮሌጅ ቦርድ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያዘጋጃቸው የኤፒ ፈተናዎች በ2011፣ ቺሊ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናዋ በ2014 ተከተሉ። ካትሪን ባልዲጋ በ2014 ባሳተመችው ጥናት ከሳት የታሪክ ፈተና የተወሰዱ ጥያቄዎችን ለወንዶችና ለሴቶች ሰጠች። ቅጣት ሲኖር ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ብዙ ጥያቄ ባዶ ይተዋሉ፤ ቅጣቱ ሲነሳ ሁሉም ሁሉንም ይመልሳል። እኩል እያወቁ በድፍረት ብቻ መበላለጥ ከፈተና ሥራ ውስጥ መሆን የለበትም የሚለው ክርክር ከዚህ በኋላ ለመመለስ ከባድ ሆነ። ሳት ራሱ በመጋቢት 2016 ሩብ ነጥቡንም አምስተኛውን አማራጭም አስቀረ። ቅጣቱን አጥብቀው የያዙ አገሮችም አሉ። ሕንድ ለሕክምና ትምህርት መግቢያ በምትሰጠው ፈተና ትክክለኛ መልስ 4 ነጥብ ሲያስገኝ ስህተቱ 1 ያስቀንሳል። አማራጩ አራት ስለሆነ በጭፍን የሚገምት ተማሪ አራት ጥያቄ ላይ አንዱን አግኝቶ 4 ሲያገባ ሦስቱን ስቶ 3 ያጣል፤ አንድ ነጥብ ይተርፈዋል። ለማስፈራራት የተቀመጠው ቅጣት ሲሰላ ገማቹን አይጎዳውም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ሌላ ብልሃት ሞተ። ለብዙ አሥርት ዓመታት አስጠኚዎች ሁሉ የሚስማሙበት ምክር በመጀመሪያው ዙር የምታውቀውን መልሰህ ሂድ፣ ከባዱን ዝለል፣ በሁለተኛው ዙር ተመለስበት የሚል ነበር። ጂአርኢ በ1990ዎቹ በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር ግን ማሽኑ ቀጣዩን ጥያቄ የሚመርጠው ተማሪው የፊተኛውን እንደመለሰው ሆኖ ነው። ሳይመልሱ ማለፍ፣ ካለፉ በኋላም መመለስ የለም። ተማሪዎች አጥብቀው ስላማረሩ ሳይሆን አይቀርም ጂአርኢ በ2011 በአንድ ክፍል ውስጥ ወደ ኋላ መመለስን ፈቀደ። በ2024 በአሜሪካ ሙሉ በሙሉ ወደ ኮምፒውተር የተዛወረው ሳትም ይህንኑ መንገድ ይዞ 98 ጥያቄ በ134 ደቂቃ ይሰጣል። ለአንዱ ጥያቄ 82 ሰከንድ ይደርሳል፤ ብሪገም ከሰጠው ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ፈተና ለረጅም ዘመን የቃል ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው የኔታ ፊት ቀርቦ ያጠናውን ይወጣዋል፤ አማራጭ የለም፣ ሰዓት የሚቆጥርም የለም። «ይበቃል» እስኪባል ይላል፣ ከሳተ ይታረማል፣ ካልያዘው ተመልሶ ያጠናል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት በኩል የመጣው የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ፣ ተማሪው «ማትሪክ» ያለው፣ ቀርቶ በ1993 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ተተካ። የመግቢያ ፈተናው ውስጥ «አፕቲትዩድ» የሚባል ወረቀት አለ፤ ስሙም ዓይነቱም ከብሪገም ፈተና የተወሰደ ነው። እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማጥቆርና የኤ ቢ ሲ ዲ ምርጫ ከዚያው ጋር መጥተዋል። ከዚያው የመጣ ሌላም ችግር አለ፤ መልሱ ፊደል ብቻ ስለሆነ የአንድ ሙሉ ፈተና መልስ በአንድ የስልክ መልእክት ይላካል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የመግቢያ ፈተናው ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ በመለጠፉ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈታኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው እንዲፈተኑ የተደረገውም ኩረጃን ለመዝጋት ነበር።

የዚያ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ሕዝቡ ደነገጠ፤ በግምት ካለፉት በቀር ማን አለፈ ብሎ የቀለደም ነበር። ቀልዱ ግን በስሌት አይቆምም። አራት አማራጭ ያለው መቶ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ በጭፍን ቢመለስ የሚጠበቀው 25 ነው፤ ብዙው ገማች ከ16 እስከ 34 ባለው ውስጥ ይወድቃል። በዚህ መንገድ 50 የሚደርስ ሰው ከአሥር ሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም፣ በየትምህርቱ ደጋግሞ መድረስ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ያለፉት በእውቀት አልፈዋል፤ ከ30 በታች የቀረ ውጤት ግን ከግምት ምን ያህል እንደሚለይ ለመናገር አስቸጋሪ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተፈታኞቹ የተወሰኑት በኮምፒውተር ይፈተናሉ፤ ማጥቆር ቀርቶላቸው መልሳቸውን የሚመርጡት ስክሪን ላይ ነው።